የጨፈርሽበት ቅዳሜ

ልጄ፣

ማታ የላክሽልኝን መልእክት ሦስቴ አነበብኩት። «እማዬ፣ ሰርጉ ላይ የጨፈርኩበት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ፒፑን ይቆርጡብኝ ይሆን? ደውዬ ተሽሎኛል ልበል?» ትያለሽ። ፒፕ፣ ያ የእንግሊዝ መንግሥት በሕመምሽ ምክንያት የሚከፍልሽ ድጎማ። በስልክ ልመልስልሽ ብል መሃል ላይ ሁለታችንም ማልቀሳችን አይቀርም። ስለዚህ ልጻፈው።

ቪዲዮውን አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት። ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ፣ ያ ትከሻሽ እንደ ድሮው ሲሰበቅ! አርባ ሴኮንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አልቀረጸም። እሁድ ጠዋት ጣቶችሽ አብጠው የጥርስ ብሩሹ ከእጅሽ ሲወድቅ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሰኞ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ያ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ማክሰኞ ሽንት ቤት ድረስ ደግፌ ወሰድኩሽ። ረቡዕ አጥሚቱን በማንኪያ ነው ያጠጣሁሽ። ይኼ ሁሉ ለአርባ ሴኮንድ። በዚያ ላይ የፎቶ ፕሮግራም ብለው ፓርክ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሟችሁ። ሉፐስ፣ የገዛ ሰውነትሽ ራሱን የሚያጠቃበት ይኼ በሽታሽ፣ ከፀሐይ ጋር እንደማይስማማ ለካሜራማኑ ማን ይንገረው።

ይኼ በሽታ ይነሳል፣ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ሕጉም ይኼን ያውቃል። ፒፕ አንድ ቅዳሜ አይቶ አይፈርድም። የሚያየው 12 ወር ነው፤ 3 ወር ወደ ኋላ፣ 9 ወር ወደ ፊት። ነጥብ የሚያሰጥሽ ከእነዚያ ቀናት ከግማሽ በላዩን ያቃተሽ ነገር ነው። የሚጠይቁት ስለ 12 ነገሮች ነው። 10ሩ የዕለት ኑሮ ናቸው፤ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ የመሳሰሉት። 2ቱ ስለ መንቀሳቀስ ናቸው። ከሁለቱ በየትኛውም በኩል 8 ነጥብ መደበኛውን ክፍያ፣ 12 ነጥብ ከፍተኛውን ያሰጣል። ደግሞ «ትችያለሽ» ለመባል አንዴ መቻል አይበቃም። ሳትጎጂ፣ በደንብ፣ በሚያስፈልግሽ ቁጥር፣ ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት ጊዜ ከእጥፍ ሳያልፍ መሆን አለበት። ሸሚዝ ለመቆለፍ ሃያ ደቂቃ የፈጀበት ሰው ቻለ አይባልም።

እስክስታ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የለም። ግን «የጨፈረ ሰው መራመድ እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ይኖራል። ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ያኔ ቅዳሜን ብቻ አትንገሪው። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ያለውን ንገሪው።

የመጀመሪያውን ግምገማ ታስታውሻለሽ? ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን፣ ሳሎን ቁጭ ብለን። ሴትዮዋ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለችሽ። «ደህና ነኝ» አልሽ። እኔ ደግሞ ከጎን ጥልቅ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ተሽሏታል» አልኩ። ማን ጠይቆኝ! ለእኛ «ደህና» ሰላምታ ነው። የሞተበት ሰው እንኳ ልቅሶ ላይ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል። ለገምጋሚዋ ግን መልስ ነበር። ሪፖርቱ ሲመጣ «እናትየዋም መሻሏን አረጋግጠዋል» ይላል። 4 ነጥብ። ያን ቀን ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

እንደገና ይታይልን ብለን ወሩ ሳያልፍ ጻፍን፤ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የሚሉትን። አልሆነም። ከዚያ ይግባኝ ሰሚው ትሪቡናል ሄድን። ዳኛ፣ ሐኪምና አካል ጉዳትን የሚያውቁ ሰው፣ ሦስቱ ተሰይመው። ሐኪሙ ያቀረቡልሽ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ባለፈው ሳምንት ከሰባቱ ቀን ስንቱን ቀን ሸሚዝሽን ራስሽ ቆለፍሽ?» አሉ። ዝም ብለሽ በጣትሽ ቆጠርሽና «ሁለት» አልሽ። ያሸነፍነው እዚያ ጋ ነው። በማግስቱ ነው ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን፣ የእኛና የፈረንጁ ቀን አብሮ ያለበትን ካላንደር ፍሪጁ ላይ ለጥፌ «መ» እና «ደ» መጻፍ የጀመርኩት። መጥፎ፣ ደህና። አንቺ ትስቂብኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፈርተሽ ደውለሽ «ተሽሎኛል» ብትዪ እሱም ውሸት ነው። በሽታሽ እንደሚነሳና ጋብ እንደሚል ከመጀመሪያው ፎርም ላይ ጽፈናል። አንድ ጥሩ ቅዳሜ ለውጥ አይደለም። ለውጥ የሚሆነው የቀኖቹ ቁጥር ሲዛወር ነው።

እዚህ ላይ ግን የምትቀየሚኝን ነገር ልበል። ቁጥሩ እየተዛወረ ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ አዲሱን መርፌ ጀመርሽ። ትናንት ማታ ካላንደሩን አውርጄ ቆጠርኩ። በመጋቢት ከ30 ቀን 21ዱ «መ» ነው። ሚያዝያ 20። ግንቦት 18። ሰኔ 17። ሐምሌ፣ ከሰርጉ በኋላ ያሉትን አራት ቀን ጨምሮ፣ 13። የእኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሉም ሠላሳ ስለሆነ ለመቁጠር ምቹ ነው፤ ግማሹ 15 ነው። አንድ ወር ከግማሽ በታች ወርዷል።

አንድ ወር ዓመት አይደለም። ቢሆንም «እስቲ እንየው» ብለን ዝም ብንል፣ በኋላ የተከፈለሽን መልሺ ሊሉሽ ይችላሉ። እያወቁ መደበቅ ደግሞ ፍርድ ቤትም ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ነፃ ምክር የሚሰጡት ሲቲዝንስ አድቫይስ ጋ ቀጠሮ ያዢ። ቆጠራውን ይዘሽ ሂጂ። የሉፐስ ሐኪምሽንም «ይኼ መሻል ይቀጥላል ብለው ይጠብቃሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ያ 9 ወር ወደ ፊት ያልኩሽ ነገር ያለ ሐኪም አይመለስም። አማካሪው ንገሪ ካለሽ በዚያው ቀን ትናገሪያለሽ።

ለፒፕ ቢሮው ስትደውዪ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገርሽን ሰው ስም ጻፊ። ያልሽውን ደግሞ በደብዳቤ ላኪ፤ ኮፒው ካንቺ ጋር ይቅር። «ተሽሎኛል» የሚል ባዶ ቃል አትናገሪ። «በሐምሌ ወር ለ13 ቀናት መልበስ አቅቶኛል፣ በመጋቢት ወር ግን 21 ቀናት ነበር» በዪ። አንድ ነገር ከነገርሻቸው ሁሉንም እንደ አዲስ ሊያዩት ይችላሉ፤ ፎርም ይልኩልሻል፣ ምናልባት ግምገማም ይኖራል። ይኼን አውቀሽ ግቢ። ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ፣ ገቢው ላነሰ ሰው የሚከፈለው ድጎማ፣ ደግሞ ሌላ በር ነው። ለአንዱ የተናገርሽው ለሌላው ደረሰ ብለሽ አትቀመጪ።

ቢብስብሽም እንደዚያው ነው፤ እግዜር አያምጣው። ለከፍተኛው ክፍያ መባሱ 3 ወር ሊሞላው ይገባል። ቢሆንም ሳትናገሪ የቆየሽበትን ጊዜ ወደ ኋላ ሄደው ይከፍሉኛል ብለሽ አትመኪ። ሆስፒታል ከተኛሽ ንገሪያቸው፤ ከ28 ቀን ሲያልፍ ክፍያው ይቆማል። ለገና አዲስ አበባ እንሂድ ያልሽውም፣ ከ4 ሳምንት በላይ ከሆነ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እስከ 13 ሳምንት ይከፈላል። ለሕክምና ከሆነ እስከ 26 ነው፤ ግን አያትሽ እንጦጦ ማርያም ጸበል ሊወስዱሽ ያሰቡትን ሕክምና ነው ብዬ ከቢሮው ጋር ልከራከር አልችልም።

ክፍያው ቢቀነስስ? ይቀነስ። አንቺ ማንቸስተር ስትሄጂ በሳምንት 35 ሰዓት የማስታምማት ልጅ ቤቴ የለችም ብዬ የአስታማሚ ድጎማውን፣ ኬረርስ አላዋንሱን፣ ደውዬ ያስቆምኩት ራሴ ነኝ። ከበደኝ፣ አልዋሽሽም። የኤሌክትሪክ ቢሉ የመጣ ቀን «ምነው ትንሽ ብቆይ ኖሮ» ብያለሁ። ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር አልደነገጥኩም። አንቺም ለገንዘቡ ብለሽ ጥሩ ቀንሽን እንድትፈሪው አልፈልግም። ለሚቀጥለው ሰርግ ብትጠሪ ጨፍሪ። ጃንጥላ ግን ያዢ።

ስለ ሰው ወሬም ሰምቻለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ አንዷ «ያቺ ታማለች የምትዪያት ልጅሽ እኮ ስትጨፍር አየናት» አለችኝ። «አዎ፣ ደስ አይልም?» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ከገባት ገባት።

ካላንደሩን ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ ልኬልሻለሁ። አትመሽ ለአማካሪው ስጪው። ማስታወሻዬ አማርኛ ስለሆነ ጎኑ ላይ አንቺ በእንግሊዝኛ ጻፊበት። ሚያዝያ 12 ላይ ያለው ነጠብጣብ የወጥ ነው፣ አትቁጠሪው።

የዛሬውን ገና አልላክሽልኝም። «መ» ነው «ደ»?

እናትሽ