በቃሬዛ ወጥቼ በእግሬ እንድወጣ ላበቃችሁኝ

የቅርጫት ኳስ ጫማዬን ከሰቀልኩ ሳምንት ሆነኝ። ስልኬ እስካሁን አላረፈም። የሚያውቀኝም የማያውቀኝም "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" እያለኝ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ልመልስ ብል ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ሊፈጅብኝ ነው። ስለዚህ አንዴ፣ ለሁላችሁም፣ በአደባባይ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ነጥቡና ስለ ዋንጫው ብዙ አንስታችኋል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን እሱን መዝገብ ይዞታል። ዛሬ ማመስገን የምፈልገው መዝገብ የማይዛቸውን ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሬዛው ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሩብ ነበር። ኳስ ቀምቼ ብቻዬን እየሮጥኩ ነው። አንዷ ተከላካይ ከጎን ስትመጣ አየኋትና አቅጣጫ ልቀይር ግራ እግሬን ተከልኩ። ማንም አልነካኝም። ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሕመሙ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የተሰማኝ እግሬ የሌላ ሰው የሆነ ያህል ነው። በማግስቱ ኤም አር አይ ተነሳሁ፤ ጉልበትን አጽንቶ የሚይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። 31 ዓመቴ ነበር።

ይህ ጅማት በቅርጫት ኳስ ሴቶች ላይ ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይበጠሳል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እንደኔ ሰው ሳይነካን ነው፤ ስንዘል አወራረዳችን፣ ጉልበታችን ወደ ውስጥ መታጠፉ፣ የጡንቻ አለመመጣጠን። እኔ ግን ጉልበቴ በዚያች ሰከንድ ተበጠሰ ብዬ አላምንም። ሰባት ዓመት ሙሉ እረፍት አልነበረኝም። ክረምት አንድ አገር፣ በጋ ሌላ አገር እጫወት ነበር። ለምን? አንዱ ክለብ የሚከፍለው ስለማይበቃ። የሴት ተጫዋች ኑሮ ለብዙ ዘመን እንዲህ ነበር። አሜሪካዊቷን ኮከብ ዳያና ቶራሲን የሚያህል ሰው እንኳ በፈረንጆቹ 2015 የዱብሊው ኤን ቢ ኤን፣ የአሜሪካን የሴቶች ሊግ፣ ውድድር ሙሉ በሙሉ ትታለች፤ የሩሲያው ክለቧ እንድታርፍ ከፍሏት። ለማረፍ የሚከፍል ሌላ አገር ሲሆን አስቡት። ሌላዋ አሜሪካዊት ብሬና ስቱዋርት ደግሞ በ2018 የሊጉ ኮከብ ተብላ፣ በ2019 ጸደይ አውሮፓ ለፍጻሜ ስትጫወት የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ። የአገሯ ውድድር እንደዋዛ አመለጣት። በ2020 ተመልሳ ዋንጫ ስትወስድ ቴሌቪዥን ፊት እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ።

ያን ጊዜ የነበርኩበት ክለብ አበባ ላከልኝ። በሁለተኛው ወር ደብዳቤ ላከልኝ። ውሌ አይታደስም። ስሙን አላነሳም፤ ቂምም የለኝም። (ትንሽ አለኝ።)

አሁን ወደ ምስጋናው።

ዶክተር፣ በእርስዎ ልጀምር። ከጉልበቴ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ቆርጠው አዲስ ሠሩልኝ። ከዚያ "ዘጠኝ ወር ሳይሞላሽ ሜዳ ላይ እንዳላይሽ" አሉኝ። በስድስተኛው ወር ምንም አይሰማኝም ነበር። ለመንኩዎት። ተቆጣሁዎት። እርስዎ ግን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፤ የተተከለው ሥጋ ወደ ጅማትነት እስኪለወጥ ወራት ይፈጃል፣ በመሃሉ እንዲያውም ይበልጥ ይደክማል፣ ችግሩ ሕመሙ ከጅማቱ ቀድሞ መዳኑ ነው። ቸኩለው የተመለሱ ስንቶቹ እንደገና እንደበጠሱት ነገሩኝ። ዝም ብዬ ወጣሁና መኪና ውስጥ ሰደብኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፊዚዮዬ፣ አንቺን ምን ልበልሽ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ሥራዬ ምን እንደነበር ሰው አያውቅም። ከጉልበቴ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስገባሽና "ጨፍልቂው" አልሽኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ የተሰቀለ ቀለበት ሥር ስዘል የኖርኩ ሰው ፎጣ መጨፍለቅ አቃተኝ። የጭኔን ጡንቻ አዘዋለሁ፣ አይሰማኝም። እንደ ኩርፊያ ነገር ነው፤ ጡንቻው ከጉዳቱ በኋላ ራሱን ይዘጋል አልሽኝ። በአራተኛው ቀን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ዓሣ ርግብ አለ። አንቺ ብድግ ብለሽ አጨበጨብሽ። በሕይወቴ ያን ያህል የተጨበጨበልኝ ጨዋታ የለም። ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ በሜትር ጭኔን ትለኪ ነበር። ግራው ከቀኙ አራት ሳንቲ ያነሰ ዕለት ቁጥሩን ደብቀሽኝ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ። ኳስ መወርወር የተፈቀደልኝ መጀመሪያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እኔ እወረውራለሁ፣ አንተ ትለቅማለህ። ለዚህ ብለህ ኳስ ገዝተህ መጣህ፤ የወንዶቹን 7 ቁጥር! እኛ የምንጫወተው በ6 ቁጥር ነው። "ልዩነቱ ምንድን ነው?" ስትለኝ ሳቅኩ፤ ስንት ጊዜ የሰማሁት ጥያቄ ነው። ኳሱ ትንሽ ያንሳል፤ ቀለበቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ ማንም ዝቅ አላደረገልንም። መልሰህ ቀየርከው። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ራት ሳትበላ፣ ስትለቅም አመሸህ። አንድም ቀን ተጫውተህ አታውቅም። አሁን ግን ኳሱ ከእጄ ሲወጣ አይተህ "አጭር ነው" ትላለህ። ልክም ነህ።

ከኛ በፊት የነበሩትንም ሳላነሳ አላልፍም። ጨዋታው በፈረንጆቹ 1891 ተፈጠረ፤ በ1892 አሜሪካ ውስጥ መምህርት የነበረችው ሴንዳ ቤረንሰን ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረች። ኦሊምፒክ ላይ ወንዶቹ በ1936 ሲጀምሩ እኛ 1976 ሞንትሪያልን ጠበቅን። አርባ ዓመት! የዚያን ውድድር የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረችው አሜሪካዊቷ ሉሲያ ሃሪስ ናት። የአገሯ ልጅ ሼሪል ስዉፕስ በ1997፣ ዱብሊው ኤን ቢ ኤ በተጀመረበት ዓመት፣ ወልዳ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ሜዳ ገባች። ጀግንነት ነው፤ ግን ማንም እንዲያ እንድትቸኩል መገደድ አልነበረባትም። የሊጉ ተጫዋቾች ማኅበር ታግሎ በ2020ው ስምምነት የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዲሆን አድርጓል። እኔ በዚያ ሊግ አልተጫወትኩም። ግን ውል ስደራደር "እነሱ ጋ እንዲህ ሆኗል" ብዬ ጠረጴዛ መትቻለሁ። አንዳንዴ ሠርቷል።

ለአዲሱ ክለቤ ልጆች። 32 ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷ ላይ ብረት የታሰረባት ተጫዋች ማን ያስፈርማል? እናንተ። አሰልጣኛችን ገና በመጀመሪያው ቀን "ከተቀያሪ ወንበር ነው የምትነሺው፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ" አለችኝ። ነገር ከማይሸፋፍኑ ሰዎች አንዷ ናት፣ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው። ቦታዬን የያዘችው ልጅ ከኔ 11 ዓመት ታንሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ኳስ ስታባክን ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩ። አንድ ቀን ግን በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ቁጭ ብላ "እትዬ፣ ግራ እግሬን ስተክል ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይገባል እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየልምምዱ አወራረዷን አያለሁ። ደስ የሚለኝ ነገር ተቀየረ።

የመጨረሻው ጨዋታ የተጫወትነው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የድሮው ክለቤ አዳራሽ። አራት ደቂቃ ተጫወትኩ። ሁለት ቅጣት ውርወራ አገኘሁ፣ አንዱን ሳትኩ። ተቀይሬ ስወጣ የተቃራኒ ደጋፊ ሳይቀር ቆመ። እናንተንም አመሰግናለሁ።

ወደ መልበሻ ክፍል በሚወስደው በር ጋ ሽበታም ሰውዬ ቆመዋል። የታጠፈ ቃሬዛ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወዲያው አወቅኳቸው። ያን ዕለት ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ናቸው። ጫማዬ ወልቆ ስለነበር በአንድ እጃቸው ቃሬዛ፣ በሌላው ጫማዬን ይዘው እስከ አምቡላንሱ ሄደዋል። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ያስታውሱኛል?" አልኳቸው።

ወደ እግሬ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ።

"ዛሬስ ሥራ አልሰጠሽኝም" አሉኝ።