ቡፌውስ ተገዝቷል

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቀደም በስልክ «ቡፌውን ገዛሽ?» ስትዪኝ «አዎ» አልኩሽ። አልዋሸሁም። ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም።

የገዛሁት አሮጌ ቡፌ ነው። አንዱ በሩ መስታወት የለውም፤ በ4 ሺህ ብር የለቀቁልኝም ለዚያ ነው። ውስጡ ያለው ሲኒ ሳይሆን ቀለም ነው። ሳሎኑን የሥዕል ክፍል አደረግኩት፣ እማ። እንግዳ በረንዳ ላይ ነው የምቀበለው። ተይ አትቆጪ፤ አልጋ ጫፍ ላይ ተጣጥፌ ስስል ወገቤ አለቀ እኮ።

ከላክሽልኝ 9 ሺህ የተረፈው 5 ሺህ ብዙ ሠራ። የሰፈር አናጺ በሞራሌ የሸራ ማቆሚያ ገጠገጠልኝ። ትንሽ ይወዛወዛል፤ አንዱ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ከትቼበታለሁ። የተዘጋጀ ሸራ ውድ ስለሆነ አቡጀዴ እገዛና ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ በውሃ የቀጠነ ኮላ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም። የቀረውን የቡፌ መስታወት ደግሞ ነቅዬ ቀለም መደባለቂያ አደረግኩት። ሥሩ ነጭ ወረቀት አለ፤ በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ በምላጭ ይላጣል። በዘይት ቀለም አልሠራም፣ አትስጊ። የማቅጠኛውን፣ የአኳራጅን ሽታ ይዤ በዚህች ጠባብ ቤት አላድርም።

ትልቁ ነገር ግን መስኮቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ነፃ ነው። ሰዓሊዎች የሰሜን መስኮት ይመርጣሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የእኔም ወደ ሰሜን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሚያዝያ እስኪገባ። ለካ ያ ምክር ለፈረንጅ አገር ነው! ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። አንቺ ይሄን ያለ መጽሐፍ ታውቂዋለሽ፤ እህል ስታሰጪ ሰሌኑን በየወቅቱ ቦታ ታስለውጪን አልነበር? በእነዚያ ወራት ነጭ አቡጀዴ እጋርድበታለሁ። ይሠራል፣ ግን እንደ በጋው አይሆንም።

ማታ ማታም ተሞኝቼ ነበር። በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም ደብዝዞ ይታያል፤ እደራርበዋለሁ፤ ጠዋት ሳየው ዓይን ይወጋል። አሁን ነጭ አምፖል ገዝቻለሁ።

ሲኒዎችሽ አልጋ ሥር በካርቶን ተጠቅልለው አሉ። አንድም አልተሰበረም።

ያረጀውን ነጠላሽን ለማንም እንዳትሰጪብኝ፤ ለብሩሽ መጥረጊያ እንደሱ ለስላሳ የለም። ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ። ደግሞ ፋሲካን አትጠብቂ፤ መጋቢት ሳይወጣ ነይ። ያለ መጋረጃ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ ልስልሽ ነው።

ልጅሽ፣ ከሐዋሳ