ለአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፦ የወሎ ቆላ ሩዝ በጎርፍም በድርቅም ይፈተንልን

ጤና ይስጥልን። እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ከሐርቡ፣ ከቃሉ ወረዳ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ለወሎ ቆላ የሩዝ ዘር ስትመርጡ ጎርፍ የሚችለውንና ድርቅ የሚችለውን ለየብቻ አትፈልጉ። አንዱን ዘር፣ በአንድ ክረምት፣ በሁለቱም ፈትኑት።

የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ገፋ ሲል ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሁሉ ወደ ቆላው ይወርዳል። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ከመውረጃው ይወጣል። የጨፋ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ዝናቡ ድንገት ቀጥ የሚልበት ዓመት ብዙ ነው። ያው ረግረግ የነበረ መሬት መስከረም ላይ ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ቆቦ በኩል ሰው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ራሱን ጠልፎ ማሳ ያጠጣል። ጎርፉ ካለቀ ግን ሌላ ውኃ የለም። ስለዚህ ገበሬያችን "ዘንድሮ ጎርፍ ነው ወይስ ድርቅ?" ብሎ አይጠይቅም። ሁለቱም በተራ ሊመጡበት ይችላሉ።

ውኃው ሲሸሽ አንድ የማሽላ ቡቃያ ነቅላችሁ እዩ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ይሸታል፤ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ቆዳው ይላጣል። ቅጠሉ ላይ ደለል ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ይህ ቡቃያ ከጎርፉ ቢተርፍ እንኳ መስከረም ላይ የሚመጣውን ድርቅ የሚቋቋም ሥር የለውም። ጤፍ የረጋ ውኃ በመቻል ከማሽላ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከላይ እስከ ታች ሲዋጥ አይችልም።

ሩዝ ውኃ ይወዳል ይባላል። እውነት ነው፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ቢቆም ግድ የለውም። ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ግን አብዛኛው ዘር ይሞታል። አሟሟቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ መፍትሔውም የተገኘው ከዚያው ነው። የሰጠመ ሩዝ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል። ያጠራቀመውን ስኳር በሙሉ ለዚህ ያወጣል። ውኃው ሲጎድል ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ ተንጋሎ ይቀራል። እንደገና ለመነሳት የሚሆን ስንቅ የለውም።

በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ፣ ከገበሬው ነባር ዘር የተመረጠ ኤፍአር 13ኤ የሚባል ሩዝ አለ። እሱ ሲሰጥም አይመዘዝም። እድገቱን ያቆማል፤ ስንቁን ይዞ ይጠብቃል። ውኃው ሲሄድ ከቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ጠባዩ ዋነኛው ምክንያት የሆነው ጂን፣ ሰብ 1ኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለይቶ ታወቀ። ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት ይህን ጠባይ፣ ባጭሩ ሰብ 1 የሚባለውን፣ ስዋርና ወደተባለው፣ በህንድ በሰፊው ወደሚዘራው ሩዝ አዛወረው። ስዋርና ሰብ 1 እ.ኤ.አ. በ2009 ህንድ ውስጥ ለገበሬ ተለቀቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰጥሞ ይተርፋል። ጎርፍ በሌለበት ዓመትም ምርቱ ከቀድሞው ስዋርና አይጎድልም። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ገበሬ በደህናው ዓመት የሚያስከፍለውን ዘር ሁለተኛ አይዘራም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ለኛ የሚሆን ሌላ ነገር አሳየ። ይኸው ጂን ተክሉ ሲደርቅበትም ያግዘዋል። ከጎርፍ የወጣ ሩዝ ድንገት ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው፣ ሥሩ ገና ሳያገግም፣ ቅጠሉ ውኃ ያጣል። ሰብ 1ኤ ያለው ግን ያንን ጊዜ ይሻገራል፤ ድርቅ መትቶት ውኃ ሲያገኝም ቶሎ ያቆጠቁጣል።

ይህ ግን ብቻውን አይበቃንም። የኛ ድርቅ ሰብሉን የሚያገኘው ሲያብብና ፍሬ ሲቋጥር ነው። ያን ጊዜ ሰብ 1ኤ አያድነውም። ለዚያ ሌሎች የዘረ መል ክፍሎች አሉ፤ ሩዝ አበባ ላይ ውኃ ሲያጣ ምርቱ እንዳይወድቅ የሚያግዙ። አዳቃዮቹ እነዚህንና ሰብ 1ን በአንድ ተክል ላይ አገናኝተዋል። ህንድ ሲአር ዳን 801ን፣ ኔፓል ባሁጉኒ ዳንን ለገበሬ ለቀዋል፤ ጎርፍም ድርቅም እንዲችሉ የተዳቀሉ ናቸው።

ከኛ የዝናብ አመጣጥ ጋር አስተያዩት። ጎርፉ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሩዙ ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ሰብ 1 የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ድርቁ የሚመጣው አበባ ላይ ነው። ሌሎቹ የሚሠሩት እዚያ ላይ ነው። ለጨፋና ለቦርከና ዳር ተብሎ የታቀደ ይመስላል።

ግን የስዋርናን ዘር አምጥታችሁ ዝሩልን አልልም። ስዋርና ለመድረስ አምስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል፤ የኛ ዝናብ ያን ያህል አይቆይም። የሚያስፈልገው እነዚህን ጠባዮች አገራችን ላይ ወደለመደና ቶሎ ወደሚደርስ ሩዝ ማዛወር ነው፤ ለምሳሌ ኔሪካ 4 ላይ መጀመር ይቻላል። የኛን ዘር ከነሱ ዘር ጋር ማዳቀል፣ ልጁን ደጋግሞ ከኛው ዘር ጋር መመለስ፣ በየትውልዱም ጂኑን የያዘውን በዘረ መል ምልክት መለየት ነው። ይህ የተለመደ ማዳቀል ነው። ጂኑ የመጣው ከሩዝ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ሩዝ ነው። ጂኤምኦ (በላቦራቶሪ ዘረ መሉ የተለወጠ) ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ ይህን ንገሩልን።

ለዚህ ሥራ ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። እዚህ ደግሞ የናንተው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የወሎን ቆላ ጠንቅቆ ያውቃል። ሁለቱ ተቀናጅተው ይሥሩልን። ፎገራ ላይ የተመረጠ ዘር በቀጥታ እዚህ ይሆናል ማለት ግን አይቻልም። ፎገራ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የኛ ቆላ ይሞቃል።

ፈተናው እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ሐምሌ ላይ ቡቃያውን ለ14 ቀን ሙሉ በሙሉ አስጥሙት። ከዚያ ውኃውን አፍስሱ። ያገገመውን ብቻ እዚያው ማሳ ላይ ተዉት። ሊያብብ ሲል ውኃ ከልክሉት። ከዚያ በኋላ ስንት ኩንታል እንደሰጠ ጻፉልን። በደህና ክረምት፣ በጥሩ ማሳ ላይ የተገኘ ኩንታል ለኛ ብዙ ነገር አይነግረንም። እኛን የሚያሳስበን የክፉው ዓመት ምርት ነው።

ዘሩ የማይችለውንም ለገበሬው በግልጽ ንገሩት። ውኃው ከሁለት ሳምንት አልፎ ከተኛ ሰብ 1 አያድንም። ተስፋ ሰጥቶ ሲቸግር ከመጥፋት፣ ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ ማውራት ይሻላል። አንዴ ያልሆነለት ገበሬ ሁለተኛ አያምናችሁም፤ አይፈረድበትም።

ስለ ጨፋ አንድ አደራ አለኝ። ጨፋ ባዶ መሬት አይደለም። በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት የሚሰማራበት ሣር ነው። ሩዝ ተገኘ ተብሎ ሜዳው በሙሉ ቢታረስ ጠብ ይነሳል። በየዓመቱ ጎርፍ የሚበላውን፣ አሁንም የሚታረሰውን መሬት ብቻ ያዙ። የሩዝ ገለባ ከብት ይበላዋል፤ ፎገራ ላይ የታየ ነው። ስለዚህ ዘር ሲመረጥ የገለባው ነገርም ይታይ። ከብት አርቢዎቹም ገና ከመነሻው ይጠየቁ።

ዘር መምረጥ ለወሎ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ደጋሊትንና ጅጉርቲን የመሰለ ማሽላ መርጦ ያቆየ ሕዝብ ነው። የ66ንም የ77ንም ረሃብ አይቷል፤ ዘሩ ሲጠፋበት አይቷል። ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው ነባር ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ሲሠሩ ወሎ ውስጥ የነበረውን ገበሬ አጋር አድርገው ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ዘሩ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ለመስክ ጉብኝት ብቻ አትጥሩን። ገና ሃያው ሠላሳው ዓይነት ማሳ ላይ ሳለ ጥሩን። ሴቶችም ይምጡ፤ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋግረው ይዩት። እንጀራው ካልሆነ ዘሩ ምንም ጎበዝ ቢሆን ሰው አይዘራውም።

መፈተጊያ ማሽኑንም ከዘሩ እኩል አስቡበት። ወረታ አካባቢ መፈተጊያ አለ፤ ከዚህ ግን ሩቅ ነው። ሩዝ አምርቶ ገለፈቱን የሚያወልቅበት ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማሽላው ይመለሳል።

ለጊዜው የምንለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ለሚመጣው ሰኔ ከሲሪንቃ ባለሙያ ላኩልን። ቦርከና ዳር ያሉትን ማሳዎች አብሮን ይዙር፤ ውኃው የት እንደሚተኛና ስንት ቀን እንደሚቆይ ከገበሬው ጋር ሆኖ ይመዝግብ። ማሳ የሚሰጥ ሰው እኛ እናገኛለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የገበሬ ልጅ
ሐርቡ፣ ወሎ