ዜማ የደገመ ሁሉ ሌባ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስመ ጥር የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው ዜማ ማሻገራቸውን በቁጣ ዘርዝረው፣ ሁሉንም «ሌቦች» ብለው ደምድመዋል። ቁጣቸው ከሙዚቃ ፍቅር የመጣ ስለሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የገዛ ዜማውን የደገመውን፣ የሌላውን ሰው ሥራ የወሰደውን፣ እንዲሁም «ልክ ይህንን አስመስለህ ሥራ» ተብሎ የታዘዘውን በአንድ ገመድ ማሰር ፍርደ ገምድልነት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከኒኖ ሮታ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣው «ዘ ጎድፋዘር» የሠራው ሙዚቃ ለኦስካር ከታጨ በኋላ ዕጩነቱ ተሰረዘበት። የፍቅሩን ዜማ ቀደም ሲል በ1958 «ፎርቱኔላ» በተባለ የጣሊያን ፊልም ተጠቅሞበት ኖሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። በ«ፎርቱኔላ» ዜማው ይፈጥናል፣ ይዘላል፣ የሰልፍ ሙዚቃ ጠባይ አለው፣ ፈገግ ያሰኛል። ያው ዜማ «ዘ ጎድፋዘር» ላይ ሲደርስ ግን እርምጃው ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ኖታ ቀጣዩን ላለመልቀቅ እንደሚያመነታ ሆኖ ይጎተታል፤ የሚሰማው ሰው ሆዱ ይባባል። በዚያ ጨዋታ መሳይ ዜማ ውስጥ ይህን የመሰለ ሐዘን መኖሩን ከራሱ ከደራሲው በቀር ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ሮታ ከ14 ዓመት በኋላ ተመልሶ አወጣው። የሚገርመው ደግሞ ይኸው ዜማ ያለበት የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል በ1975 ለሮታና ለካርማይን ኮፖላ ኦስካር አስገኘላቸው። ኤሪክ ኮርንጎልድም ለፊልም የጻፋቸውን ዜማዎች ሰብስቦ የቫዮሊን ኮንቼርቶ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) ሠርቶባቸዋል፤ ኮንቼርቶውን ዛሬም ድረስ በታላላቅ መድረኮች ይጫወቱታል። እሱን ሌባ ያለው ሰው አልሰማሁም።

ጽሑፉ አብዝቶ የጨከነው በፊልም ሙዚቃ ደራሲው በጄምስ ሆርነር ላይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በከፊል እደግፋለሁ። የሚጠቅሷት ባለ አራት ኖታ ሐረግ እውነትም አለች፤ ሦስቱ ኖታዎች ፈጠን ብለው ወደ ላይ ይረማመዳሉ፣ አራተኛው ከመነሻቸው ዝቅ ብሎ ይወድቅና ይቆማል። አደጋ ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ በነሐስ መሣሪያዎች ትሰማለች። በ1988 «ዊሎው» ላይ፣ በ2001 «ኤነሚ አት ዘ ጌትስ» ላይ፣ በ2004 «ትሮይ» ላይ፣ በ2009 «አቫታር» ላይ አለች። ብዙ አድማጮች ሥሯን ከሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ከራክማኒኖፍ የመጀመሪያ ሲምፎኒ ይመዙታል፤ መክፈቻውን የሰማ ሰው ዝምድናውን አይክድም። ያ ሲምፎኒ በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ክፉኛ የወደቀ፣ ደራሲው በሕይወት እያለ ዳግመኛ ያልሰማው፣ እሱ ከሞተ በኋላ ከተጫዋቾቹ የኖታ ወረቀቶች ተለቃቅሞ በ1945 እንደገና የተሰማ ሥራ ነው። ሆርነር ሐረጓን እንደ ፊርማው አድርጎ አብዝቷታል፤ እኔንም አንዳንዴ ሰልችታኛለች። ማሰልቸት ሌላ፣ መስረቅ ሌላ ነው።

ደግሞም «ትሮይ»ን ስትጠቅሱ ከጀርባው ያለውንም ማንሳት ነበረባችሁ። የፊልሙን ሙዚቃ መጀመሪያ የጻፈው ገብርኤል ያሬድ ነው። አንድ ዓመት ያህል ከለፋበት በኋላ ፊልሙ ለሙከራ ተመልካቾች ሲታይ ሙዚቃው አልተወደደም ተብሎ ተጣለ፣ ሆርነርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ እንዲያደርስ ተጠራ። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ያለ ሰው እጁ ወደሚያውቀው ቢሄድ አልፈርድበትም።

ጽሑፉ አንድም ቃል ያልተነፈሰበት ትልቁ ጉዳይ ግን ጊዜያዊ ማጀቢያ የሚባለው ነው። ፊልሙ ኤዲት ሲደረግ ገና ሙዚቃ ስለሌለው ኤዲተሩ ከሌላ ፊልም ወስዶ ይደርብበታል። ዳይሬክተሩ ያንኑ እየሰማ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቀመጣል። ትዕይንቱ የሚቆረጠው በዚያ ምት ነው፤ ጆሮም ይለምደዋል። የሙዚቃ ደራሲው የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። ለአንድ አጭር ፊልም ሙዚቃ እንድሠራ ተጠርቼ ነበር። የተሰጠኝ ቅጂ ላይ አንዲት ሴት በር ከፍታ ባዶ ክፍል ውስጥ ትገባለች፤ ከሥሩ የታወቀ ፊልም ሙዚቃ ተደርቦበታል። በመጀመሪያ የጻፍኩት ለአንድ ክላሪኔት ነበር፤ እሷ እስክትቀመጥ ዝም የሚል፣ ከተቀመጠች በኋላ ብቻ የሚጀምር። ዳይሬክተሩ ሰምቶ «ቆንጆ ነው፣ ግን እንደዚያኛው አልሆነም» አለኝ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በአራተኛው ያንኑ የተደረበውን ሙዚቃ ይዤ፣ ሁለት ኖታ አዛውሬ፣ ምቱን ሳልነካ አስረከብኩ። «አሁን ገባህ!» ብሎ አቀፈኝ። ፊልሙ ሲታይ ስሜን ስክሪኑ ላይ ሳነበው አንገቴን ደፋሁ። ያችን ክላሪኔት እስከ ዛሬ ማንም አልሰማትም።

አሌክስ ኖርዝን የመሰለ ሰው እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ለ1968ቱ «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ሙዚቃ ጽፎ አስቀርጾ ካስረከበ በኋላ፣ ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ጊዜያዊ አድርጎ የደረባቸውን ክላሲካል ሥራዎች መረጠ። ኖርዝ የራሱ ሙዚቃ አለመኖሩን ያወቀው ፊልሙን ተቀምጦ ሲያይ ነው። እርግጥ ነው፣ የኩብሪክ ምርጫ ፊልሙን ታላቅ አድርጎታል። ቢያንስ ግን የወደደውን ሙዚቃ ራሱን በባለቤቶቹ ስም ተጠቀመበት እንጂ በተመሳሰለ ቅጂ አልተካውም።

ከልክ ያለፈውንም አልክድም። የ2007ቱ «300» ላይ የተሰሙ አንዳንድ ሙዚቃዎች ኤሊየት ጎልደንታል ለ1999ኙ «ታይተስ» ከጻፈው መወሰዳቸውን የፊልሙ ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ ራሱ በይፋ አምኖ ይቅርታ የሚመስል መግለጫ አውጥቷል። እዚህ ላይ ጸሐፊያችሁ የፈለጉትን ያህል ቢቆጡ ከጎናቸው ነኝ። ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ አልተጠየቀም፣ ስሙም አልተጻፈም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ ዜማ ሲሰማ ዜማው የማን እንደነበረ፣ እንዲደገም የፈለገውም ማን እንደሆነ አጣርታችሁ ጻፉ። ጣታችሁ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ስሙ ወደተጻፈው ሰው ብቻ አይቀሰር፤ ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥም ይግባ። ሌላም አለኝ። እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የፊልም ዳሰሳዎቻችሁ በአብዛኞቹ የዳይሬክተሩና የተዋንያኑ ስም አለ፤ የሙዚቃ ደራሲው የለም። እባካችሁ እሱንም ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ