ከሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ልግዛ ወይ ላልሽኝ

ልጄ፣

ትናንት «እማ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ካርዴ አለቀ። ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ በብሎካችሁ ቴሌግራም እንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤና የሕፃን ምጥን ትሸጣለች አልሽኝ። ጎረቤት ናት፣ ግን ፈራሁ አልሽ። መፍራትሽ አልከፋኝም። ነገር ግን አንቺን ያሳደግሁት እንጀራ እየጋገርኩ ለጎረቤት ሸጬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የያዝሽው ሻንጣ የተገዛው በዚያ ብር ነው። የምነግርሽ እንደ ሻጭ ነው።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ፣ ክረምት ላይ፣ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት መጣ። ተነሥቼ 60 እንጀራ ጋገርኩ። እንቅልፍ እየጣለኝ ነበርና ሰፌድ ላይ ሳላበርድ ትኩሱን በትኩሱ ላይ ደራረብኩት። ሲነጋ የሥረኞቹ በላብ ርሰዋል። እያየሁ ሸጥኩት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ አራቱን በፌስታል ይዛ መጣች። ጠርዛቸው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። አልጮኸችብኝም። «ልጆቼ ሳያዩት ነው ያመጣሁልሽ» ብላ አስቀመጠችልኝ። ብሯን መለስኩላት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ እኔም ከዚያ በኋላ ሳይበርድ ደራርቤ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሰፌዱን ሳነሳ ትዝ ትለኛለች።

እንጀራውን ከሱቅ ገዝታው ቢሆን ማን ጋገረው ብላ ማንን ትጠይቅ ነበር? ጎረቤትሽ ግን ደረጃ ላይ ታገኝሻለች። ማፈር የሚባል ነገር አለ።

ደግሞ ማፈር ብቻውን አይበቃም። ቴሌግራም ላይ አዘሽ በር ድረስ አታስመጪ። ራስሽ ሄደሽ ውሰጂ፣ ምጣዱ ሳይነሣ ድረሺ። የሊጡ ባልዲ የት እንዳለ እይ፣ ክዳን አለው ወይ? ማሰሻ ጨርቋ ምን ይመስላል? ብር በተቀበለችበት እጅ እንጀራ ታነሳለች ወይ? ቤቱ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ቢሸት ደስ ይበልሽ፣ የሊጥ ሽታ ነው። እርጥብ ምድር ቤት፣ እርጥብ ጆንያ ከሸተተሽ ግን ሰላም ብለሽ ውጪ። «ስንት ቀን አቦካሽው?» በያት። የምትጋግር ሴት «ሦስት ቀን፣ ሰሞኑን ስለበረደ ግን ጨመርኩበት» ትልሻለች፣ ስለ አብሲቱም ሳትጠየቅ ታወራለች። ከሌላ አምጥታ የምትሸጥ ከሆነች «ኧረ ምርጥ ነው» ብቻ ነው መልሷ።

ዋጋውን ደግሞ አስቢው። ከአንድ ኪሎ ጤፍ የቤት እንጀራ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ይወጣል። ይህን ከኪሎው ዋጋ ጋር አስተያይው። ከጤፉ በታች የምትሸጥ ከሆነ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ሩዝ ወይም በቆሎ ቢሆን ነውር የለውም፣ እኔም ቀላቅያለሁ፣ እየነገርኩ። ጄሶና ሰጋቱራ የቀላቀሉም እኮ በዚህች አገር ተይዘዋል።

እንጀራውንና ድፎውን እንግዲህ ግዢ። አንዱ ኮምጥጦ በእሳት ያለፈ ነው፣ ሌላው እስከ ውስጡ የበሰለ። ለበዓል ዶሮ ወጥ ብትሠራልሽም እየፈላ ተቀብለሽ ያን ቀን ብይው። ክትፎና አይብ ግን ከማንም ቤት በፕላስቲክ ዕቃ አታስመጪ። የክሬም ኬክም በፀሐይ በባጃጅ ዞሮ የመጣ ከሆነ ይቅርብሽ፣ ፎቶው የፈለገ ቢያምር።

የለውዝ ቅቤውና ምጥኑ ላይ ነው ነገሬ። የተፈጨ ነገር ዓይንሽን ይነጥቅሻል። እንጀራን ገልብጠሽ ታያለሽ፣ ዳቦን ቆርሰሽ ታሸቻለሽ። ዱቄት ግን ምን ታያለሽ? በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭተው የሚጨምሩት ለምን ይመስልሻል? ሴትዮዋ እንዲህ ታደርጋለች አላልኩም። ራሷም ላታውቅ ትችላለች። ለውዝ ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበጃል፣ ጉበት ይጎዳል። ቢቆሉት አይጠፋም፣ ጣዕሙም አይነግርሽም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ መጣል ነው ያለው ዘዴ፣ ያንን ደግሞ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለቅማል? የስምንት ወር ልጅሽ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚበላው ነገር ነው። ምጥኑ ላይ «ማር አለው» ከተባለማ ጭራሽ አታስቢው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። እኔ ለአንቺ አቅምሼሻለሁ፣ ያኔ የነገረን የለም።

እህሉን ገዝተሽ ቅዳሜ ቁጭ ብለሽ ልቀሚ። ሴትዮዋንም ብትለምኛት ትቆላልሽ ይሆናል፣ የጉልበቷን ክፈያት። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ግን ከበርበሬ ፈጪ ቀጥሎ እንዳትሰለፊ። አክስትሽ እንደዚያ አድርጋ ልጁ ገንፎውን አፉ ውስጥ ሲያደርግ ያለቀሰውን ለቅሶ ታስታውሻለሽ?

እንጀራውንም ቢሆን ሌላ መንገድ አለ። ሰኞ በሚመጣው አውቶቡስ 20 ኪሎ ማኛ እልክልሻለሁ፣ አስፈጭቼ። በሳምንት አንድ ቀን ለሷ እየሰጠሽ አስጋግሪ። ጤፉ የአንቺ፣ ምጣዱ የሷ። በጋገረችበት ዋጋ አትከራከሪያት፣ እሷም መብራት ጠብቃ ሌሊት ትነሣ ይሆናል።

ከረጢቱ ላይ ስምሽን በቀይ ክር ሰፍቼበታለሁ። ረዳቱ ሲደውልልሽ ስልክሽን አንሺ፣ ባለፈው ቂቤው ሁለት ቀን መናኸሪያ ያደረው በአንቺ ነው።

እናትሽ
ከደብረ ማርቆስ