ሳጥኑን አትግዙ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቡና ላይ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ነገር ተነስቶ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ «አንዴ ክፈሉ፣ ሁሉንም የኢትዮጵያ ቻናል እዩ» እየተባለ የሚዞረውን ሳጥን አትግዙ። እኔ ገዝቼ ተበልቻለሁ። ሁለት ወር ሠራ፣ ከዚያ ጨለማ። ሻጩም ስልክ ማንሳት ተወ።

ኢቲቪም፣ ፋናም፣ ኢቢኤስም ፕሮግራሞቻቸውን በራሳቸው የዩቲዩብ ገጽ ይጭናሉ። በነጻ! (ኢቢኤስማ መቀመጫው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፍንጫችን ሥር ነው።) ግን «ቀጥታ ሥርጭት» ብለው የድሮ ድራማ የሚለጥፉ አስመሳዮች ሞልተዋል። ከስሙ አጠገብ የማረጋገጫ ምልክቱን እዩ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የኢቲቪ የምሽት 2 ሰዓት ዜና በአሜሪካ በጋ እኛ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ ሰዓት ሲቀየር 6 ሰዓት ይሆናል፤ አገር ቤት ሰዓት አይነካማ። ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ ቅጂውን ታያላችሁ።

እናቴ ቅዳሴውን በስልክ እያየች አንገቷን ትታመም ነበር። ስልኩና ቴሌቪዥኑ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለችውን የቴሌቪዥን ምስል መንካት ብቻ ነው። አሁን ሶፋዋ ላይ ተደላድላ ታያለች፤ እኛን ዝም በሉ ማለቱ ግን ብሶባታል።

ለእማማዎችና ለአባባዎች ቅዳሜ ከስብሰባው 30 ደቂቃ ቀድመን እናሳያለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ የጂሜል የይለፍ ቃላችሁን አስታውሳችሁ ኑ። ባለፈው ጊዜያችንን የበላው እሱ ነው።