«ይገጥማል» ከማለትሽ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ ከመለዋወጫ ሱቁ ሸጠሽው የተመለሰብሽን ካንዴላ፣ ያን ቤንዚን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ እና ከደሞዝሽ የተቆረጠውን ነገረኝ። ከአንቺ ሳይሆን ከእሱ መስማቴ ከፍቶኛል። ባንኮኒ ላይ የቆመ ሁሉ ይሳሳታል፤ የተቆጣሁት ለዚያ አይደለም። የተቆጣሁት ለሰውየው «ይገጥማል» ብለሽ ሰጠሽው ስለተባለ ነው። ይቺን ቃል ቶሎ አታውጪ ብዬሽ አልነበረም?

ካንዴላ እኮ መግጠሙ ምንም አይነግርሽም። ተዞሮ የሚታሰርበት ክሩ 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሁሉ 14 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የክሩን ርዝመት ለኪ፦ 19 ለሚፈልግ ሞተር 26.5 ከሰጠሽ ጫፉን ፒስተን ሊመታው ይችላል። ቀጥሎ የሙቀት ቁጥሩን እዪ። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፣ ማለትም ሙቀቱን ከጫፉ ቶሎ ያስወጣል፣ በቦሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ሲጨምር ሙቅ ነው። የኤንጂኬ 6 ለዴንሶ 20 ይቀርባል። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር በሌላው አትተርጉሚ፤ ማመሳከሪያውን ገልጠሽ እዪ፤ ደንበኛው ቢቸኩልም ይጠብቅ።

የመኪናውን ስምና ዓመተ ምህረት ብቻ ነግሮሽ ዕቃ የሚጠይቅ ብዙ ነው። መኪናው አካል ላይ የተመታውን መለያ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ጠይቂው። ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ከሆነ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ የሉም፤ በስልክ «ኦ» ካለሽ ዜሮ ብለሽ ጻፊ። ቆጥረሽ 16 ከመጣ አንድ ዘሏል፣ መልሶ ያንብብልሽ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ቁጥሩ አጭር ነው፣ መሐሉ ላይም ጭረት አለው፤ ጎደለ ብለሽ ሰው አታመላልሺ። በቶዮታ የዕቃ ቁጥር የፊተኛው 5 አሃዝ የዕቃውን ዓይነት ነው የሚነግርሽ፦ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ፣ 04466 የኋላ። የትኛው መኪና እንደሆነ የሚለየው ከጭረቱ በኋላ ያለው ነው፤ ፊተኛው ስለተመሳሰለ እንዳትሸወጂ።

ጫማሽ ያ ቀጭኑ ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ እየቆምሽ? ሶሉ ወፍራም የሆነ ግዢ፣ ዛሬውኑ። ባትሪም ብቻሽን አታንሺ፤ ካነሳሽም እንዳታዘነብዪው፣ አሲዱ ልብስ ብቻ አይደለም የሚበላው።

የዘይት ፊልትሮ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። አንዱ ክሩ 3/4 ኢንች ነው፣ ማለትም 19.05 ሚሊሜትር፤ ሌላው 20 ሚሊሜትር። ቆርቆሮው ያው፣ የጎማ ቀለበቱም ያው ሊሆን ይችላል። ባለ 20ውን ባለ 3/4 ሞተር ላይ ብታዞሪው ይዞራል፣ የጠበቀም ይመስላል። ሞተሩ ተነሥቶ የዘይቱ ግፊት ሲመጣ ግን ክሩ አይዘውም፤ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ተጣብቆ ይቆማል። አየሽ፣ እሱም «ገጥሞ» ነበር። አሮጌውን ፊልትሮ ይዞ ከመጣ ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ክሩን እዪ፣ የጎማ ቀለበቱም አብሮት መውጣቱን እዪ። ከሌለ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሳይላቀቅ አዲስ ከታሰረበት በሁለቱ ጎማ መሐል ዘይት ያንጠባጥባል። ይህን ለደንበኛው ንገሪው፣ መካኒኩ ያውቃል ብለሽ አትተዪው።

የእኔን የካሊፐር፣ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ፣ ነገር ከእናትሽ ሰምተሻል። እሷ የምትነግርሽ ግን እያሳቀች ነው። ሰውየው የቀኝ አለኝ፣ የቀኝ ሰጠሁት። ለካ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ነው ቀኝ ያለው። ቀኝና ግራ የሚባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ለሚያይ ሹፌር ነው፤ ይህን አልጠየቅሁትም። ካሊፐሩ ቡሎኖቹን ሁሉ ተቀብሎ ቁጭ አለ። አየር ማውጫው ግን ወደ ታች ዞረ፤ አየር ደግሞ ላይ ነው የሚቀረው። መካኒኩ ግማሽ ቀን ፍሬን ዘይት ሲያፈስ ዋለ፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ሲመለስ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቼ መኪናውን አላየሁም። «ዕቃው ገጥሟል፣ መካኒክህ አይችልም» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስዶ፣ ሁለተኛ ከፍሎ ነው ነገሩ የታወቀው። ከዚያ በኋላ ሱቁን አልረገጠም። ይቅርታ የምለው ሰው አጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ካሊፐር ባየሁ ቁጥር አየር ማውጫውን ነው የማየው።

ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ ቺንጊያ፣ ሞተሩ ዲናሞና ኤሲ የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ። 6ፒኬ1750 ማለት በቁመቱ የሚሄድ 6 መስመር ጥርስ፣ 1750 ሚሊሜትር ርዝመት ነው። ያው ሞተር ኤሲ ካለውና ከሌለው ርዝመቱ ሊለያይ ስለሚችል ጠይቂ። ቁጥሩ ስለጠፋ አሮጌውን በሜትር አትለኪ፣ ካታሎግ እዪ። የተከፈተ የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ ተመላሽ አትቀበዪ፤ ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 ከአየር እርጥበት ይስባል። የዶት 5 እና የዶት 5.1ን መደርደሪያ ለያዪ፣ ስማቸው ቢቀራረብም ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ አይደባለቁም።

ከእንግዲህ የሻንሲውን ቁጥርና የሰጠሽውን ዕቃ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ጻፊ፣ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ከፍተሽ አሳዪ። «ይገጥማል» አትበይ። «በዚህ ሻንሲ ካታሎጉ የሚለው ይህን ነው» በዪ። አይዞሽ የኔ ዓለም፤ ለተቆረጠብሽ አታልቅሺ፣ እኔ እልክልሻለሁ።

የተመለሰው ካንዴላ እጅሽ ላይ ካለ፣ ሴራሚኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ከመኪናው የወጣው አሮጌውም ከተገኘ አብሪው።

አባትሽ